የእጅ ጽሑፌ የተቀየረበት ወር

መኪናዋ የመጣች ቀን በራችን ላይ ቆሜ በሮቿን ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። አራት ናቸው። የእኛ ቤት በር ሁለት ብቻ ነበር፤ የፊቱና የመጸዳጃው፣ የመጸዳጃውም ቢሆን በድንጋይ ካልተደገፈ አይዘጋም። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባዬ በውሃ መሥሪያ ቤቱ የመምሪያ ኃላፊ ሆኖ መሾሙን ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ያስረዳችኝ መኪናዋ ናት፤ ከኛ ቤት የበለጠ በር ያላት መኪና ደጃችን ከቆመች አንድ ትልቅ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ወር ሳይሞላ የመንግሥት ቤት ተሰጠን። ቧንቧው ግቢው ውስጥ ነበር። እስከዚያ ድረስ እማዬና እኔ ጀሪካን ይዘን ሰልፍ የምንቆም ሰዎች ነበርን፤ እዚያ ቤት የገባን ዕለት እማዬ ቧንቧውን ከፈተችና ባልዲ ሳትደቅንበት፣ እጇን ሳትታጠብበት፣ ሲፈስ ዝም ብላ አየችው። ስልክም ነበረ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የመጋረጃው ዘንግ እንኳ ሳይቀር የንብረት ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። እኔ ቁጥሩ የማዕረግ መስሎኝ በወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ጻፍኩና ግንባሬ ላይ ለጥፌ ምሳ ቀረብኩ። አባዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዛሬ ሳስበው፣ እዚያ ቤት ውስጥ ነገሩ ቀድሞ የገባው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

አጎቴ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል መጥቶ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" አለ። ትልልቆቹ ሁሉ ሳቁ፤ እማዬ ብቻ አልሳቀችም። እኔ ምክሩን እንዳለ ተቀብዬ ያን ቀን ሁለት ጊዜ በላሁ።

መኪናዋን የሚነዱት ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጋሽ ዝግታ ይላቸዋል፤ ኤሊ ጡሩምባ ነፍታ አልፋቸው ሄደች እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። እሳቸው ግን ደንታም አልነበራቸው። የመንግሥት መኪና የአደራ ዕቃ ነው፣ ለሚቀጥለው ሰው በደህና አስረክባለሁ ይላሉ። አባዬ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ እሱ "አንተ" ይላቸዋል፣ እሳቸው "እርስዎ" ይሉታል። እኔ ደግሞ አባቴን "አንተ"፣ እሳቸውን "እርስዎ" እላለሁ። በዚህ የተነሳ መኪናዋ ውስጥ ማን ከማን እንደሚበልጥ ለረጅም ጊዜ ግራ ሲገባኝ ኖሯል።

ከፊት መስታወቱ ሥር ሁልጊዜ ጠንካራ አረንጓዴ ሽፋን ያለው መዝገብ ይቀመጣል። የጉዞ መዝገብ ነው። መኪናዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ሾፌሩ ቀኑን፣ መነሻውን፣ መድረሻውን፣ የጉዞውን ምክንያትና ኪሎ ሜትሩን ይጽፋል፤ በወር መጨረሻ ኃላፊው ከታች ይፈርማል። ጋሽ ዝግታ ይህን መዝገብ እንደ እባብ ይፈሩት ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ያርቁታል፣ ያቀርቡታል፣ ወደ ብርሃን ያዞሩታል። ሩቁን ለማየት የሚስተካከላቸው የለም፤ መንገድ ልታቋርጥ የምታስብ ድመት ከነሐሳቧ ከሩቅ ያዩዋታል። ቅርቡ ነው የጠፋባቸው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲወስዱኝ "ልጻፍልዎ?" አልኳቸው። ዘወር ብለው ከኋላ የተቀመጠውን አባዬን አዩ። አባዬ ከጋዜጣው ቀና ሳይል ትጻፍ፣ እጇም ይፍታታ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡ የኔ ሆነ።

በሌላ ቀን፣ አባዬ በሌለበት፣ ጋሽ ዝግታ ሞተሩን አጥፍተው አንድ አደራ ሰጡኝ። "ይህችን የዓይኔን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ፣ ልጄ። ለጡረታ አሥራ አራት ወር ነው የቀረኝ። ዓይኑ ደክሟል ከተባለ መሪውን ይነጥቁኛል።" እማዬ ትሙት አልናገርም አልኳቸው። በእናት አይማልም ብለው ተቆጡኝ፤ ፊታቸው ግን ፈታ አለ።

ያን ጊዜ ጽሕፈቴ ክብ ክብ ያለ፣ ነፋስ የገፋው ይመስል ወደ ግራ ያጋደለ ነበር። አራት ነጥብ ላይ ስደርስ ነጥብ አላደርግም፤ አራት ትናንሽ ክቦች እሠራለሁ። ጋሽ ዝግታ ከጻፍኩት ሁሉ ክቦቹ ብቻ ይታዩአቸው ነበር መሰለኝ፣ "ጎማዎቹን ገጠምሽ? በይ እንሂድ" ይሉኛል። አራቱ ጎማ ሳይገጠም ሞተር አያስነሱም።

ምክንያቱን የሚያስጽፈኝ አባዬ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ "የመስመር ምርመራ" ነው። እማዬ ገበያ ስትሄድ "የዕቃ ግዢ ክትትል"። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አክስቴ ቤት እያሠራች ነው ወደተባለበት ቦታ እንሄዳለን፤ አንዳንዴ የመኪናዋ ጣራ ላይ አዳዲስ ቧንቧ ታስሮ ነው። ይህ "የፕሮጀክት ክትትል" ይባላል። አክስቴን እዚያ አንድም ቀን አላየኋትም። አባዬ ግን ግንበኛውን እየተከተለ የክፍሎቹን ስፋት በእርምጃው ይለካል፤ እዚህ ጋ መስኮት፣ እዚያ ጋ በረንዳ እያለ። አባቴ ለሥራ ብሎ ዕረፍት አጣ ብዬ አዝንለት ነበር። ቅዳሜን እንኳ አላሳረፉትም እኮ።

ትምህርት በተዘጋበት ወር አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። ሁልጊዜ እኔ ከተኛሁ በኋላ የሚገባው ሰው አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳሎኑ ውስጥ ሳለች መምጣት ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ኮቱን ሳያወልቅ ጠራኝና፣ ጣቴን እንዳላሳርፍበት በተከለከልኩት የጽሕፈት ጠረጴዛው ፊት አስቀመጠኝ። ጽሕፈቴ የሕፃን ነው አለኝ። ወደ አምስተኛ ክፍል ያለፈች ልጅ በዚህ እጅ ብትጽፍ ይሳቅባታል። ስለዚህ እሱ ራሱ አዲስ ጽሕፈት ያስተምረኛል፤ በደንብ ከያዝኩት የሱን ዓይነት ባለ ቀለም ብዕር፣ ከነማኅደሩ፣ ይገዛልኛል።

በየቀኑ አንድ መስመር ይጽፍልኛል፣ እኔ ከሥሩ ሃያ ጊዜ እገለብጣለሁ። "ሥራ ክቡር ነው።" የሱ ፊደሎች ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ሰልፍ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። የኔዎቹ ወደ ግራ ሲያጋድሉ እጄን በእጁ ይዞ ያቃናኛል። መዳፉ ትልቅና ሙቅ ነበር፣ ሳሙናና ቀለም ይሸታል። ክቦቹ ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ነጥብ ነጥብ ነው ይላል፤ አንዲት ክብ ካየ ገጹን ቀዶ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። አልቅሻለሁ፣ ግን አልጠላሁትም። አባቴ ለእኔ ብቻ ሆኖ አጠገቤ የተቀመጠው ያን ወር ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሆነም። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ሰዎች ስለ አባቴ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንን ነበር። አንዳንዶቹ "ታድለሽ" ይሉኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አሮጌ ደብተሮቼን ሁሉ እንዳመጣ አዘዘኝ። አዲስ እጅ ይዞ አሮጌ ደብተር ማስቀመጥ ምን ያደርጋል አለ። ከግቢው ቅጠል ጋር አቃጠልናቸው። ተሸክሜ ያመጣኋቸው እኔ፣ እየገነጠልኩ እሳቱ ላይ የጨመርኳቸውም እኔ ነኝ። እማዬ በረንዳው ላይ ቆማ ታየን ነበር። የአንደኛ ክፍሉን እንኳ ላስቀር ብላ እጇን ስትዘረጋ አባዬ "ሁሉንም" አላት። ገብታ በሩን ዘጋችው። ጭሱ ነው ያስመረራት ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ሳምንት፣ እየጻፍኩ ሳለ፣ አባዬ ጋሽ ዝግታ ለምን መዝገቡን እንደሚያስጽፉኝ ጠየቀኝ። ምዬ የለ? መጻፌን ቀጠልኩ። "ዓይናቸው ደክሟል፣ አይደል?" አለ። እኔ አልመለስኩም፣ እንባዬ መለሰለት። ያኔ ጠጋ ብሎ አቀፈኝ።

"አታልቅሺ። እኔና አንቺ እንጠብቃቸዋለን። ሰው መጥቶ መዝገቡ ላይ ጽፈሽ ታውቂያለሽ ወይ ካለሽ፣ በጭራሽ በይ። አዎ ካልሽ ዓይናቸው ይታወቅባቸዋል፤ ከሥራ ይባረራሉ።"

አባዬ ጋሽ ዝግታን አንቱ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በመጨረሻ አከበራቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ኦዲተሯ የመጣችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቀጭን ሴት ናት፤ ቦርሳዋ ከብዷት ወደ አንድ ጎን አጋድላለች። ባለ ቁጥሩ ሶፋ ላይ ተቀምጣ አረንጓዴውን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጋሽ ዝግታ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ይቀመጡ ያላቸው የለም። ወንበር ልስብላቸው ስነሳ አባዬ በዓይኑ መለሰኝ።

ትልልቆቹ ካወሩት ግማሹ አልገባኝም። የቅዳሜው ፕሮጀክት የሚባል ፕሮጀክት መሥሪያ ቤቱ የለውም ተባለ። ከመጋዘን ቧንቧ ጎድሏል ተባለ። ጋሽ ዝግታ ሁሉም ነገር የተጻፈው በኃላፊው ትእዛዝ፣ በኃላፊው ልጅ እጅ ነው አሉ፤ ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባዬ ረጋ ብሎ፣ መኪናው ቅዳሜ የት እንደሚውል እንደማያውቅ ተናገረ።

"የኔ ጥፋት ማመኔ ነው" አለ። "በወር መጨረሻ ሲያመጣልኝ ሳላነብ ፈርሜለታለሁ።"

እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሽ ዝግታ ፈርተው ምስጢራቸውን በገዛ አፋቸው ሊያወጡት ነው። ከራሳቸው ማዳን አለብኝ።

ኦዲተሯ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝና ከመዝገቡ ላይ እያነበበች አስጻፈችኝ፤ "ከቢሮ ወደ ፕሮጀክት፣ ለክትትል።" ጻፍኩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ። አራት ነጥቡ ላይ ስደርስ እጄ ክብ ሊሠራ ዳዳው፤ ያዝኩት፣ ነጥብ አደረግሁ። ወረቀቱን ከመዝገቡ ጎን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ በዚህ መዝገብ ላይ ጽፌ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

"በጭራሽ" አልኩ።

ጋሽ ዝግታ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። "ልጄ" አሉ። "እስቲ ጎማዎቹን ግጠሚያቸው። እንደ ድሮሽ።"

ምስኪን፣ አሁንም አልገባቸውም አልኩ በሆዴ። "የምን ጎማ?" አልኩና፣ ኦዲተሯ ወደ ወረቀቷ ስታጎነብስ፣ አይዞዎት ለማለት ጠቀስኳቸው።

ፊታቸው ላይ የሆነው ዛሬም ይታየኛል።  ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ሳቁ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምስጋና መሰለኝ። ባርኔጣቸውን አድርገው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ብዕሩ በማግስቱ ተገዛልኝ፤ ማኅደሩ ውስጡ ቀይ ነበር። ጋሽ ዝግታ ወዴት ሄዱ ብዬ ስጠይቅ ጡረታ ወጡ ተባልኩ። ወራት ይቀራቸው እንደነበር ትዝ አላለኝም። አዳንኳቸው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። አዲሱ ሾፌር ወጣት ነው፣ መኪናዋን ያከንፋታል፣ መዝገቡንም ራሱ ይጽፋል። እማዬ ግን ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ውስጥ አልገባችም። ገበያ በእግሯ ትሄዳለች፤ ለምን ስላት "እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው" ትለኛለች። እስከሞተችበት ዓመት እግሯን ስታፍታታ ኖረች።

እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ሆንኩ። ሌላ የት ልሄድ? ሥራ ክቡር መሆኑን ሃያ ጊዜ እየገለበጥኩ ነው ያደግሁት። አሥራ አምስት ዓመት በየቢሮው ፋይል ተሸክሜ አምና የመምሪያ ኃላፊ ሆንኩ፤ መኪና ተመደበልኝ። አራት በር አላት። ሾፌር አላት። አረንጓዴ መዝገብ አላት።

አንድ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ላደርሳት አሳፈርኳት። አዎ፣ በመንግሥት መኪና፤ ስምንት ዓመቷ ነው፣ መንገዱም ሩቅ ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል። ልጄ ወደ ፊት ተንጠራርታ መዝገቡን አነሳችና "ልጻፍ?" አለች። ሾፌሬ፣ ሁልጊዜ ትሑት የሆነው ልጅ፣ ከእጇ መንጭቆ ወሰደው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ። "እኛ ሾፌሮች ጋ ለኃላፊ ልጅ መዝገብ አይሰጥም።"

ሳቅኩ። ለምን እንደሆነ እንዲነግረኝ ለመንኩት፤ መብራት ይዞን ቆመን ነበርና ነገረኝ። ድሮ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ነበሩ አለ። ኃላፊው የግል ቤቱን በመሥሪያ ቤቱ ቧንቧና በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሲሠራ ከረመና፣ ምርመራ እንደሚመጣ ቀድሞ ሰማ። መዝገቡን የምትጽፈው ልጁ ነበረች። የእጅ ጽሑፏ ከታወቀ የጻፈችው በአባቷ ፊት መሆኑ ሊታወቅ ነው፤ ካልታወቀ ግን ሾፌሩ ሰው አስጽፎ ያጭበረበረ ሌባ ነው። ስለዚህ አባትየው ወር ሙሉ ቁጭ ብሎ ጽሕፈቷን ቀየረው።

"ልጅቷ ደግሞ ዓይን ያወጣች ውሸታም ነበረች አሉ" አለ ሾፌሬ። "ሽማግሌው ለምነዋት 'የምን ጎማ?' አለቻቸው። ጠቀሰቻቸውም።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሠላሳ ዓመት በየጋራዡ፣ በየስምሪት ክፍሉ ስወራ ኖሬያለሁ፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።  የአባቴ መዳፍ፣ ያ ሙቅ መዳፍ፣ ያ የምኮራበት ወር፣ በአንድ ቀይ መብራት ላይ ተወሰደብኝ። መኪናውን አቁም አልኩት። ልጄን አውርጄ በእግሯ ወሰድኳት። ለምን በእግራችን እንደምንሄድ ስትጠይቀኝ "እግራችንን እናፍታታ ብዬ ነው" አልኳት፤ ካልኩ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የሰማሁት።

የቀረውን ጠይቄ ደረስኩበት። ጋሽ ዝግታ ተባረዋል፣ ጡረታቸው ተሰርዟል፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆነው ኖረው ከሰባት ዓመት በፊት ሞተዋል። ባለቤታቸው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። ስማቸው ከጸዳ ጡረታው ለባለቤታቸው ሊተላለፍ እንደሚችል ተነገረኝ። መዝገቡም ለኦዲተሯ የጻፍኩት ወረቀትም ፋይሉ ውስጥ ናቸው፤ የጎደለው ጥፋቱን የሚያምን ሰው ነው።

አባቴ የሚኖረው በአክስቴ ቤት ነው፤ አክስቴ ዛሬም አልገባችበትም። የሆነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ፣ እንዲፈርምልኝ ይዤለት ሄድኩ። በረንዳው ላይ፣ ድሮ በእርምጃው በለካው በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ይሞቃል። ወረቀቱን ተቀብሎ አራቀው፣ አቀረበው፣ ወደ ብርሃን አዞረው። ቅርቡ ጠፍቶበታል። ምንድን ነው አለኝ፤ ብዕሩንም አውጥቶ ይዟል። የጡረታ ማደሻ ነው ብለው ሳያነብ ይፈርምልኝ ነበር። አላልኩም። ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት።

 የሞተ ሰው ምን ይጠቅመዋል አለ። ባለቤታቸው በሕይወት አሉ አልኩት። ለማን ብሎ እንዳደረገው ጠየቀኝ፤ በማን መኪና ትምህርት ቤት እንደሄድኩ፣ በማን ቧንቧ እንደታጠብኩ ቆጠረልኝ።  ይጮህ ይሆናል፣ ያለቅስ ይሆናል ብዬ ነበር። እሱ ግን ብዕሩን ከድኖ ኪሱ ከተተው።

"ጡረታዬን ይነኩብኛል" አለ።

ወረቀቱን ሲመልስልኝ ጣቱን ፊደሎቹ ላይ አሳለፈ። "ጽሕፈትሽ ግን አሁንም ያምራል።"

ከዚያ ቀን በኋላ አባዬ ብዬው አላውቅም። እስኪመሽ ሳልጠብቅ ቢሮዬ ገብቼ በራሴ ስም ሌላ ገጽ ጻፍኩ፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት ብዬ ፈረምኩ። በማግስቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለውን በር አንኳኳሁ።

የከፈቱልኝ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው አልደነገጡም፤ ወንበር ሰጡኝ። ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ? ብቻ አሉኝ።

"ሲነግረኝ ይስቅ ነበር" አሉ። "'ያዳነችኝ መስሏት ጠቀሰችኝ' ይላል። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች ይላል። እኔ ግን አንድ ቀንም አልሳቅኩም።"

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን ለወረቀቱ ዘረጉ። መነጽር አድርገው ገና አንድ መስመር ሳያነቡ ቆሙ። ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ፤ ከቆርቆሮው ውስጥ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ የደረሰ ወረቀት። ባለቤታቸውን ያስባረረው የክስ ደብዳቤ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ እንዳታየው ይሆናል፣ አባቴ በእጁ ነው የጻፈው። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ። እዚያም ያው፣ እዚህም ያው። የቱ የማን እንደሆነ እኔም መለየት አቃተኝ።

"ከሳሹም እሱ፣ መስካሪውም እሱ ነው የሚሉሽ" አሉ። "በዚህ እጅ ጽፈሽ ማን ያምንሻል?"

ከመሳቢያ እርሳስና ባዶ ወረቀት አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

"እንደ ድሮሽ ጻፊው።"

እርሳሱን ያዝኩ። እጄን ወደ ግራ አጋደልኩ፣ ትከሻዬን አላላሁ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው አልኩ ለራሴ። ፊደሎቹ ሰልፍ ይዘው ወጡ። ወረቀቱን ገልብጬ ደግሜ ሞከርኩ፤ ተጣመሙ እንጂ አላጋደሉም። አራት ነጥቡ ላይ ስደርስ ክብ ጀመርኩ፤ አንዱ ሳይገጥም ቀረ፣ ሁለተኛው ነጥብ ሆነ። ሴትዮዋ እጃቸውን አጣጥፈው አጠገቤ ቆመዋል፤ የሚቸኩል ሰው አይመስሉም።

"ዝግ ብለሽ" አሉ። "እንደገና።"

እንደገና ጀመርኩ። የአባቴ እጅ ቀጥ ብሎ ወጣ።